ድመቷ ቂም ይዛ አይደለም፦ ያረጀች ድመት ከሳጥኗ ውጪ መሽናት ስትጀምር

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ማታ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ሶፋው ሥር አጣጥፋ የተወችውን ጋቢ ጠዋት ስታነሳው እርጥብ። አሸተተችው፣ ከዛ ዞር ብላ ሽሮን አየቻት። ሽሮ ድመታችን ናት፣ 16 ዓመቷ ነው፣ ቀለሟ ቁርጥ ሽሮ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" አለች እማዬ፣ "እኔ ስለመጣሁባት ቂም ይዛ ነው፣ ቦታዬን ቀማችኝ ብላ ነው" ምናምን። እኔም እውነቱን ለመናገር ትንሽ አመንኳት፣ ምክንያቱም ሽሮ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አሸዋ ካለበት መሽኛ ሳጥኗ ውጪ ሸንታ አታውቅም። ስናስመረምራት ግን ተረቱ ተገላበጠ። ዓመሏንማ አልረሳችም፣ ልትፈጽመው ነው ያቃታት።

ከዛ በኋላ ለሰው ሳወራ ስንት አበሻ ቤት ይሄው ነገር እንዳለ ሰማሁ፣ አንዱ ድመቱን ጋራዥ ውስጥ ዘግቶባታል፣ አንዷ ልትሰጣት ሰው እየፈለገች ነው። ስለዚ ያወቅኩትን ልጻፈው ብዬ ነው። ቬት (የእንስሳት ሐኪም) አይደለሁም፣ ዓመት ሙሉ ሽንት ስጠርግ የኖርኩ ሰው ነኝ እንጂ።

መጀመሪያ ቂም የሚለውን እንተወው። ድመት ሽንቷን ለበቀል አትጠቀምበትም። ስትጮሁባት ወይ አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ስትደፍቁባት (ኧረ ይሄን የሚያደርግ ሰው አለ) የምትማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው፣ በሚቀጥለው ተደብቃ ሶፋ ጀርባ ትሸናለች፣ እናንተም ሽታው እስኪጠራችሁ ድረስ አታውቁም። እማዬ ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች አልልም፣ ያረጀች ድመት ለውጥ ይከብዳታል፣ ሻንጣ፣ እንግዳ፣ አዲስ ሽታ፣ ሌሊት የሚበራ መብራት፣ ይሄ ሁሉ ያስጨንቃታል። ጭንቀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ላይ ነው የሚደረበው። በተለይ ከ10 ዓመት ያለፈች ድመት ድንገት ዓመሏ ከተቀየረ መጀመሪያ ገላዋን ጠርጥሩ፣ ዓመሏን በኋላ።

በጨርቅና በሳሙና ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቆም ብላችሁ ሽንቱን እዩት። ፎቶ አንሱት። አዎ የሽንት ፎቶ፣ እኔ ስልክ ውስጥ ከልጆቼ ፎቶ እኩል የሽሮ ሽንት አለ። ብዙ ነው? ቀለሙ ውሃ የመሰለ፣ ሽታውም ደከም ያለ ትልቅ ኩሬ ከሆነ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ስኳር ወይ ወደ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ነው የሚጠቁመው፣ በተለይ ከውሃ ሳህኗ የማትነሳ ከሆነ። በተቃራኒው እዚም እዛም ጠብ ጠብ ያለ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሮዝ ነገር ያለበት ከሆነ ፊኛዋ ነው የተቆጣው፣ ኢንፌክሽን ወይ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ወጣት ድመት ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ያን ያህል አይበዛም፣ እርጅና ላይ ግን፣ በተለይ ሴቶቹና ኩላሊት ወይ ስኳር ያለባቸው ላይ፣ እየበዛ ይሄዳል።

የት እንደሸናችም ያወራል። ሳጥኑ አጠገብ፣ ልክ ጠርዙ ጋር ከሆነ እየሞከረች ነው ማለት ነው፣ ደርሳለች ግን መግባት አቅቷታል ወይ ሳጥኑ ቆሽሾባታል። ጋቢ፣ የሻወር ምንጣፍ፣ የታጠበ ልብስ፣ አልጋ ላይ ከሆነ ለስላሳ ነገር እየፈለገች ነው፣ አሸዋው እግሯን ያማታል ወይ ስትሸና ስላመማት ሕመሙን ከሳጥኑ ጋር አያይዛዋለች። ቆማ ጭራዋን ወደ ላይ እያንቀጠቀጠች ግድግዳ ላይ ከረጨች ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ምልክት ማድረግ ነው፣ መስኮት ላይ የጎረቤት ድመት እየመጣባት ይሆናል። ተኝታ ስትነሳ የተኛችበት ከረጠበ ደግሞ ሳታውቀው እያመለጣት ነው፣ ይሄን ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት ምክንያቱም "ሸናች" እና "አመለጣት" ለሱ የተለያዩ ናቸው። ካካ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ጠጠር የመሰለ ነገር ከሳጥኑ እስከ ሳሎን ተንጠባጥቦ ካገኛችሁ ድርቀት ነው፣ አምጣ አምጣ ስላቃታት ወጥታ እየሄደች ነው የጣለችው።

አሁን አንድ ነገር ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ፣ በተለይ ወንድ ድመት ያላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም ሳይወጣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል፣ ይጮሃል፣ ብልቱን ይልሳል። ሰው ይሄን አይቶ ድርቀት ነው ብሎ ዘይት ይሰጠዋል። የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር አይደለም፣ ከተዘጋ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን ኢመርጀንሲ ይዛችሁት ሂዱ።

ወደ ሽሮ ስመለስ፣ ቬቱ ጋ ስትሄዱ "ድመቴ ትሸናለች" ብቻ አትበሉ። አራት ነገር ጠይቁ፦ የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ግፊት። አዎ ድመትም ደም ግፊት አለባት፣ ሲብስ ድንገት ሊያሳውራት ሁሉ ይችላል፣ ያላየችውን ሳጥን ደግሞ አታገኘውም። ኩላሊት ላይ ክሪያቲኒን የሚባለው ቁጥር ከፍ ብሎ የሚታየው አብዛኛው የኩላሊቷ አቅም ካለቀ በኋላ ስለሆነ ኤስዲኤምኤ የሚባለውንም ያክሉላችሁ፣ እሱ ቀደም ብሎ ይናገራል።

የሽሮ የመጀመሪያው ችግር ኩላሊት ሆኖ ተገኘ፣ ያረጁ ድመቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ኩላሊቱ ሲደክም ውሃውን ወደ ገላ መመለስ ያቅተውና ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ስለዚ ትጠጣለች ትሸናለች፣ ትጠጣለች ትሸናለች፣ ድሮ በቀን አንዴ ሲጠረግ ይበቃት የነበረው ሳጥን አሁን ማታ ላይ ረግረግ ይሆናል፣ እሷም ትጸየፈዋለች። እዚ ጋ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስህተት ሽንቱ እንዲቀንስ ብሎ ውሃ መቀነስ ነው። በጭራሽ! የምትጠጣው ስለምታጣው ነው፣ ውሃ ከነሳችኋት ኩላሊቷን ትጨርሱታላችሁ። ውሃውን ጨምሩ፣ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡላት፣ ምግቧን ወደ እርጥቡ የቆርቆሮ ምግብ አዙሩ፣ ለኩላሊት ተብሎ የሚሠራውን ሐኪሙ ካዘዘ እሱን። ሳጥኑን ደግሞ በቀን ሁለቴ ጥረጉ፣ በቃ።

ስኳር ከሆነ ትበላለች ግን ትከሳለች፣ አንዳንዴ የኋላ እግሯ ደክሞ በጣቷ መራመዱ ቀርቶ በተረከዟ እየረገጠች ትሄዳለች፣ ያን ካያችሁ ቶሎ ውሰዷት፣ ኢንሱሊንና የተስተካከለ ምግብ ቶሎ ከተጀመረ መድኃኒቱን እስከማቆም የሚደርሱ ድመቶች አሉ። ታይሮይድም እየበላች መክሳት ነው፣ ግን እሷ እረፍት የላትም፣ ሌሊት ትጮሃለች፣ ልቧ በፍጥነት ይመታል። ታይሮይዱ ሲታከም ተደብቆ የነበረ የኩላሊት ችግር ብቅ ሊል ስለሚችል ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ደሟ ድጋሚ ይታይ። ክብደቷን ቤት መመዘን ቀላል ነው፣ አቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ ከዛ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ። ሽሮ ከ5 ኪሎ ወደ 4 ስትወርድ እኔ ያው አርጅታ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር፣ አንድ ኪሎ ማለት ለሷ አንድ አምስተኛዋ እኮ ነው፣ እኔ አንድ አምስተኛዬ ቢጠፋ ለቅሶ ይቀመጡልኝ ነበር።

ሁለተኛው ችግሯ ነው እኔን ያሳፈረኝ። ቁርጥማት። ሳጥኗ ቤዝመንት ነበር፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ሽታው እንዳይመጣብን ብለን ያስቀመጥነው፣ 13 ደረጃ ወርዳ። የ16 ዓመት ድመት በሰው ሲሰላ ወደ 80 የሚጠጉ ባልቴት ማለት ናት፣ እስቲ አያታችሁን በቀን ስድስቴ ቤዝመንት ውረጂ በሏት። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶችን ራጅ አይቶ 90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት አግኝቷል። ግን ድመት እንደ ውሻ አታነክስም፣ አትጮህም፣ ሕመሟን ትደብቃለች። ምልክቱ ሌላ ነው፦ መስኮት ላይ መዝለል ትተዋለች፣ ደረጃ አፍ ላይ ቆማ ታስባለች፣ ወገቧ ጋ ያለውን ጸጉር መላስ ስለማትችል ይጎነጎናል፣ ጥፍሯ ያድግና ምንጣፍ ላይ ይይዛታል። ደረጃ ስትወርድ ቪዲዮ ቅረጿትና ለሐኪሙ አሳዩት፣ ክሊኒክ ስትገባ በፍርሃት ጤነኛ ነው የምትመስለው። ለሽሮ በወር አንዴ የሚወጋ ሶሌንሲያ የሚባል መርፌ ታዘዘላት፣ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ለድመት ቁርጥማት ያጸደቀው ነው፣ ሁለተኛውን ከወሰደች በኋላ ሶፋው ላይ ስትወጣ አየኋትና እንባዬ መጣ፣ አትሳቁብኝ።

እማዬ ቁርጥማት ነው ሲባል ስትሰማ ቦርሳዋን ከፍታ "ግማሽ ፓናዶል ስጫት" አለችኝ። ይሄን በደማቁ ጻፉትና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፦ ፓራሲታሞል፣ እዚ አገር ታይለኖል የሚባለው፣ ለድመት መርዝ ነው። አንድ ፍሬ ይገድላታል፣ ግማሹም ሊገድላት ይችላል፣ ጉበቷ ሊሰብረው አይችልም። አይቡፕሮፌንም እንደዛው። የሰው መድኃኒት ከቤት ቁም ሳጥን አውጥቶ መስጠት የለም፣ ሐኪሙ በመጠኑ ካላዘዘ በቀር።

መጃጀትም አለ። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ግማሽ ያህሉ ላይ ቢያንስ አንድ የመርሳት ምልክት ይታያል ይባላል፣ ሌሊት ያለ ምክንያት መጮህ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ግድግዳ ማየት፣ ሳጥኑ የት እንደሆነ መርሳት። መድኃኒቱ ያን ያህል ነው፣ የሚጠቅመው ነገር ቦታ አለመቀያየር፣ ሳጥን ማብዛትና ሌሊት ትንሽ መብራት መተው ነው። ግን ጃጅታ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ከላይ ያለው ሁሉ ይታይ፣ ደም ግፊትና ታይሮይድም ሌሊት ያስጮሃሉ።

እሺ ሳጥኑ። አብዛኛው ከመደብር የሚገዛው ለግልገል የሚሆን ነው፣ ጠባብና ጠርዙ ከፍ ያለ። ርዝመቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ያለውን አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፣ መግቢያው ደግሞ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ። እኔ አልጋ ሥር ልብስ የሚቀመጥበትን ሰፊ ፕላስቲክ ገዝቼ አንድ ጎኑን ዝቅ አርጌ ቆረጥኩት፣ የተቆረጠው ጫፍ እግሯን እንዳይቧጥጣት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ሌላው ጎን ከፍ ብሎ ይቅር፣ ያረጀች ድመት ወገቧን ዝቅ ማድረግ ስለሚያማት ግማሽ ቆማ ነው የምትሸናው፣ ካልከለላችሁት ግድግዳው ያልቃል። ክዳን አውልቁለት፣ ክዳን ለኛ ነው የሚመቸው፣ እሷ ውስጡ መታጠፍ አትችልም፣ ሽታውም ይታፈንባታል።

አሸዋው ደቃቅ፣ ሽንት ሲነካው የሚጋገር፣ ሽቶ የሌለው። ላቬንደር የሚሸተውን ትታችሁ ውጡ፣ ያ የተሠራው ለገዢው አፍንጫ ነው። ውፍረቱ ሁለት ሦስት ጣት ይበቃል፣ ከበዛ እግሯ ይሰምጥና ሚዛኗን ትስታለች። በነገራችን ላይ ይሄ የድመት መሽኛ አሸዋ ንግድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሺጋን ውስጥ ነው፣ ኤድ ሎው የሚባል ሰውዬ ለጎረቤቱ በአሸዋ ፋንታ ደረቅ የሸክላ አፈር ሰጥቷት። ከዛ በፊት አሜሪካም ድመት የምትሸናው አሸዋና አመድ ላይ ነበር፣ የኛ አገር ድመት ከምድጃ አመድ ላይ የማትጠፋው ለምን እንደሆነ ገባችሁ አይደል።

ብዛቱ፣ አንድ ድመት ካለች ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ካሉ ሦስት፣ ፎቅ ቤት ከሆነ በየፎቁ አንድ። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ ለሷ አንድ ነው። ልብስ ማጠቢያ አጠገብ አይሁን፣ አንድ ቀን እየሸናች መጭመቅ ሲጀምር ከደነገጠች አትመለስበትም። የምግቧ አጠገብም አይሁን። ዕጣን የምታጨሱበት ጥግም እንደዛው፣ እኛ ቤት ረከቦቱና ሳጥኑ በአንድ ግድግዳ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፣ ባለቤቴ ነው ያስቆመኝ። አዲሱን ስታስገቡ አሮጌውን ወዲያው አታንሱ፣ እሷ አዲሱን እስክትለምድ ሁለቱም ይኑሩ። እርጉዝ ካለች ደግሞ ሳጥኑን ሌላ ሰው ይጥረግ፣ በየቀኑ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ በድመት ካካ የሚወጣና ጽንስ የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ፣ አንድ ቀንና ከዛ በላይ ካላደረ አይተላለፍም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ታሪኩ ትንሽ ይለያል። ድመቷ ዕድሜዋን ሙሉ ጓሮ አፈር ቆፍራ ስትሸና ኖራ አሁን ስታረጅ ሐምሌ ላይ ጭቃውና ብርዱ፣ የጎረቤት ውሻም ተጨምሮ፣ መውጣቱ ይከብዳታል፣ ከዛ ኩሽና ጥግ ወይ አልጋ ሥር መሽናት ትጀምራለች። ሳጥን አይታ አታውቅም፣ ስለዚ የምታውቀውን አምጡላት። ጠርዙ አጭር የሆነ ሳፋ ወስዳችሁ ከጓሮው እሷ የምትቆፍረውን አፈር ወይ የግንባታ አሸዋ ነፍታችሁ ሙሉበት፣ በመጀመሪያው ሳምንት የራሷን ሽታ ያለበት ትንሽ አፈር ጣል አርጉበት፣ ለመጀመርም በሩ አጠገብ ይሁን። ሰጋቱራም ይሠራል፣ ኬሚካል የተቀባ እንጨት እስካልሆነ ድረስ። ለሕክምና ሩቅ ካልሆነባችሁ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ከተማ ውስጥም የድመትና የውሻ ክሊኒኮች አሉ፣ መጀመሪያ ደውላችሁ የደምና የሽንት ምርመራ ይሠሩ እንደሆነ ጠይቁ።

ጽዳቱ ላይ በረኪና አትጠቀሙ። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ የሚባል ነገር ወደ አሞኒያ ስለሚቀየር ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ያለባቸው የጽዳት ፈሳሾችም ለሷ አፍንጫ ሽንት ሽንት ነው የሚሉት፣ እዚ ነው መሽኛው ብላ ትመለሳለች። ሥራውን የሚሠራው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው፣ መጀመሪያ ሽንቱን በጨርቅ ተጭናችሁ ምጠጡ፣ አትፈትጉ፣ ከዛ ኢንዛይሙን እስኪርስ አፍስሱና ራሱ እስኪደርቅ ተዉት፣ ሰው የሚሳሳተው አምስት ደቂቃ ላይ ስለሚጠርገው ነው። ምንጣፍ ከሆነ ሽንቱ ሥሩ ካለው ስፖንጅ ውስጥ ስለሚገባ ፈሳሹም እዛ መድረስ አለበት። የት የት እንደሸናች ካላወቃችሁ መብራት አጥፍታችሁ በዩቪ ባትሪ ፈልጉ፣ ያበራል፣ ግን አስጠነቅቃችኋለሁ ቤታችሁን ከዛ በኋላ በድሮው ዓይን አታዩትም።

ጋቢ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፣ አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ኢንዛይሙን ጨምራችሁ እጠቡትና አየር ላይ አስጡት። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከከተታችሁት ሙቀቱ ሽታውን ጨርቁ ውስጥ እንዲቀር ያደርገዋል፣ ለፈትልም ማሽኑ ጥሩ አይደለም። ፍራሹን ውሃ በማያስገባ ልባስ ሸፍኑት፣ ድመቷ የመረጠችው ቦታ ላይ ደግሞ የቡችላ መሽኛ ፓድ አንጥፉ፣ ተሸነፍን ብላችሁ አትዩት፣ አንዳንዷ ድመት ከዚህ በኋላ ፓድ ነው የምትፈልገው።

ሽሮ አሁን ሁለት ሳጥን አላት፣ አንዱ ሳሎን ከሶፋው ጎን፣ እንግዳ ሲመጣ ትንሽ ያሳፍራል ግን ምን ላርግ። አንዳንድ ሌሊት ትስታለች፣ በወር አንዴ ሁለቴ፣ ፓዱ ላይ። እማዬ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሷ በፊት ጋቢውን ሦስት ጊዜ አጠብነው፣ ከዛ ይዤው አልሄድም አለች፣ "ለሽሮ ይሁናት"። አሁን ሳሎኑ ሳጥን አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ትተኛበታለች፣ እስካሁን አልሸናችበትም።